ውሃ የማያስገባ ዊንች ያስፈልጋችኋል? ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ውጡ

ሚያዝያ ነበር። ከቱርሚ ወጣ ብለን አንድ አሸዋማ ወንዝ ስንሻገር ላንድክሩዘሩ መሃል ላይ ተያዘ። ውሃው ያን ያህል አልነበረም፤ ጉልበት ቢደርስ ነው። ግን የፊት ጎማዎቹ አሸዋው ውስጥ ገቡና ፓራውልቱ ውሃው ላይ ተኛ። ማዶ ትልቅ ግራር አለ። ፓራውልቱ ላይ ካለው ዊንች፣ ማለትም መኪናን በገመድ ከሚጎትተው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ገመዱን ጎትቼ አሰርኩ፤ ሪሞቱን ተጫንኩ። «ቷ» አለ። ደግሜ ተጫንኩ። «ቷ»። ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ማብሪያ) ይመታል፣ የዊንቹ ሞተር አይዞርም። በመጨረሻ ያወጡን የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ በአካፋ፣ በቅርንጫፍና በትከሻቸው።

አርባ ምንጭ ስንደርስ ዊንቹን አስፈታሁት። የሞተሩ ክዳን ሲነሳ ቡና የመሰለ ውሃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ኤሌክትሪኩን ለሚዞረው ክፍል የሚያደርሱት ካርቦኖች ቤታቸው ውስጥ በዝገት ተጣብቀዋል። አንደኛው ስፕሪንግ በጣት ሲነካ ተሰበረ። መካኒኩ አየት አደረገና «ወንድሜ፣ ይሄ የትናንት ውሃ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ብረት በአንድ ቀን እንዲህ አይዝግም። ዊንቹ የሞተው ከወራት በፊት ነው። እኔ ያወቅኩት ወንዙ ውስጥ ነው።

ዊንቹ ላይ ደግሞ «ዋተርፕሩፍ» የሚል ተለጣፊ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዊንች ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ በቅድሚያ የማነሳው ስለ ብራንድ አይደለም። ሜትር አለህ ወይ ነው። ውሃ የማያስገባ ዊንች ዋጋው ከፍ ይላል። ለአንዳንዱ መኪና የግድ ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ገንዘቡ ጥሩ ገመድና ጥሩ ባትሪ ላይ ቢውል ይሻላል። የቱ እንደሆናችሁ ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

1. መኪናውን ለኩ

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙት። ባዶውን አትለኩት፤ ለጉዞ እንደሚወጣው ይሁን። ነዳጁ ይሞላ፣ ጀሪካኑና ዕቃው ይጫን። ከዚያ ከመሬት እስከ ዊንቹ ሞተር ሆድ ድረስ ለኩና ጻፉት። የእኔ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ላይ 72 ሳንቲም ነው።

ቀጥሎ ሪሌዎቹ ያሉበትን ሳጥን ለኩ። አንዳንዱ ዊንች ላይ ሳጥኑ ከላይ ተሳፍሯል፣ አንዳንዱ ላይ ከጎን ዝቅ ብሏል። ይህ ሳጥን ከሞተሩ ባልተናነሰ ውሃ ይፈራል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸውም እሱ ነው።

መኪናችሁ ስንት ሳንቲም ውሃ ውስጥ እንዲገባ ፋብሪካው እንደሚፈቅድም መመሪያው ላይ እዩ። የ70 ሲሪስ ላንድክሩዘር 70 ሳንቲም ነው። አዲሱ ዲፌንደር 90 ይደርሳል። ይህን ቁጥር ከዊንቻችሁ ከፍታ ጎን አስቀምጡት። ብዙ መኪና ላይ ዊንቹ የሚቀመጠው መኪናው እንዲገባበት ከተፈቀደው ውሃ ጋር እኩል ወይም ከዚያ በታች ነው። ማለትም መኪናው የሚችለውን ውሃ ዊንቹ ላይችለው ይችላል።

2. የሚሄደውን መኪና ሳይሆን የተያዘውን አስቡ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እኔ የምሻገረው ወንዝ 45 ሳንቲም ነው፣ ዊንቼ 72 ላይ ነው፣ ምን አገባኝ» ይላል። እየሄደ ከሆነ ልክ ነው። ዊንች ግን የሚፈለገው እየሄዱ እያለ አይደለም። የሚፈለገው መኪናው አፍንጫውን ሲተክል ነው።

ስለዚህ ሁለት ሂሳብ ስሩ።

የመጀመሪያው ለሚሄድ መኪና ነው። መኪና ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ይገፋዋል፤ ውሃው ከፊት ይከመራል። ክምሩን እኔ 20 ሳንቲም ብዬ ነው የማስበው። 45 ሲደመር 20፣ 65 ይሆናል። 72 ላይ ያለ ዊንች ይረጫል እንጂ አይሰጥምም።

ሁለተኛው ለተያዘ መኪና ነው። ጎማው አሸዋ ላይ ሲሽከረከር ይቆፍራል። ማሽከርከሩን ብታቆሙም እንኳ ወራጁ ውሃ ራሱ ከጎማው ስር አሸዋውን እየወሰደ መኪናውን ያወርደዋል። የፊቱ ጎማ 30 ሳንቲም ቢገባ የሚገርም አይደለም። 45 ሲደመር 30፣ 75 ይሆናል። አሁን የ72ቱ ዊንች ውሃ ውስጥ ነው። የእኔም ታሪክ ይኸው ነው።

ገደሉንም አትርሱ። ወደ ወንዙ የምትወርዱበት ቦታ ቁልቁል ከሆነ የመኪናው አፍንጫ ከሁሉ ቀድሞ ይጠልቃል። የኋላ ጎማው ደረቅ ላይ ሆኖ ፓራውልቱ ውሃ ሊውጠው ይችላል።

ከሁለቱ ሂሳቦች ትልቁን ያዙ። ከዊንቻችሁ ከፍታ ከበለጠ ዊንቹ አንድ ቀን ይሰጥማል ብላችሁ ቁረጡ።

የወንዙን ጥልቀት በምን እናውቃለን ካላችሁ፣ በዱላ ነው። ዱላው ላይ ዊንቻችሁ ያለበትን ከፍታ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ውሃው ቀስ ብሎ የሚሄድና ከጉልበት በታች ከሆነ ጫማ አድርጋችሁ እየወጋችሁ ተሻገሩ። ኦሞን፣ ባሮን የመሰለ አዞ ያለበት ወንዝ ከሆነ ግን በእግር መግባት የሚታሰብ አይደለም፤ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። የሚወርድ ውሃ 60 ሳንቲም ከደረሰ አብዛኛውን መኪና ከነክብደቱ ይወስዳል። እዚያ ላይ ዊንች መፍትሔ አይደለም፤ መፍትሔው ማዶ ላለው ሰው እጅ አውለብልቦ መጠበቅ ነው። ደቡብ ላይ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ደረቁ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የዘነበው ከላይ ተራራው ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ሹፌር አሸዋው ላይ አቁሞ ምሳ ይበላል።

3. ለምን ያህል ሰዓት ይሰጥማል?

እዚህ ላይ ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። ውሃና አቧራ መከላከል የሚለካው «አይፒ» በሚባል መለኪያ ነው። ከፊደሎቹ ቀጥሎ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ለአቧራ ነው፤ ከፍተኛው 6 ሲሆን አቧራ ጨርሶ አይገባም ማለት ነው። ሁለተኛው ለውሃ ነው።

አይፒ67 ማለት ዕቃው 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቆይቶ የሚጎዳ ውሃ አላስገባም ማለት ነው። አይፒ68 ከዚያ ያልፋል። ለስንት ሰዓትና በስንት ሜትር የሚለውን ግን እያንዳንዱ አምራች ራሱ ነው የሚወስነው፤ ስለዚህ መግለጫውን ፈልጋችሁ አንብቡ። ለምሳሌ የዋርን ቪአር ኢቮ አይፒ68 ተብሎ የሚሸጥ ነው።

መኪና ላይ ያለ ዊንች 1 ሜትር ውሃ ስር የሚገባበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። እዚያ ከደረሰ መኪናውም ችግር ላይ ነው። ስለዚህ የሚያስጨንቀን ሰዓቱ ነው። መኪና ወንዝ ውስጥ ሲያዝ 30 ደቂቃ ምንም ማለት አይደለም። ሰው ይወርዳል፣ ይመክራል፣ አካፋ ይፈለጋል፣ ዛፍ ይመረጣል፣ ገመዱ ይጠመዳል። እኛ ያን ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይተናል። ብቻችሁን የምትሄዱ ከሆነና ወንዝ የማይቀርላችሁ ከሆነ አይፒ68 ፈልጉ የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ምርመራው የሚደረገው በንጹሕ ውሃና ሳይሠራ በተቀመጠ ዕቃ ነው። የእናንተ ዊንች ግን ሲጎትት ይግላል። ሃይላንድ ፀሐይ ላይ ውሎ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎኑ ወደ ውስጥ ሲገባ አይታችኋል አይደል? አየሩ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ነው። የጋለ ሞተርም ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ከውጭ ያለውን ውሃ በማሸጊያው ጎማ በኩል ይስባል። አንድ ጎትቶ፣ ትንሽ ሰጥሞ፣ ደግሞ ጎትቶ፣ ደግሞ ሰጥሞ ማለት ውሃ የሚጠጣ ዊንች ማለት ነው። ጥሩ ማሸጊያ ይህን ይቋቋማል። ያረጀ ማሸጊያ አይቋቋምም።

4. ወንዝ የማትገቡ ሰዎች፣ እናንተም ቆዩ

መካኒኩ «የትናንት ውሃ አይደለም» ሲለኝ ከየት መጣ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ያን ዓመት ዊንቹ ከዚያ ቀን በፊት አንድም ጊዜ አልሰጠመም ነበር። የገባኝ ቆይቶ ነው። ውሃው የገባው ላቫጆ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ መኪናው ይታጠባል። ጭቃ የሚበዛው ፓራውልቱ ጋ ስለሆነ አጣቢው የግፊቱን ቱቦ እዚያ ላይ አነጣጥሮ ይይዛል። በየሳምንቱ፣ በቅርብ ርቀት፣ ለደቂቃዎች።

ቁጥሮቹ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይኸውላችሁ። 7 ቁጥር ውሃ ውስጥ መስጠምን ይከላከላል ማለት ነው። በግፊት የሚረጭ ውሃን መከላከል ሌላ ምርመራ ነው፤ 5 እና 6 ቁጥር የሚሰጠው ለእሱ ነው። 7 ያገኘ ዕቃ የ6ን ፈተና አልፏል ማለት አይደለም። ሁለቱን ያለፈ ከሆነ ሁለቱም ይጻፋሉ። ስለዚህ አይፒ67 ዊንች ገዝታችሁም ቢሆን አጣቢውን «ዊንቹ ላይ በግፊት እንዳትረጭ፣ በባልዲና በስፖንጅ እጠብልኝ» በሉት። ይህን መንገሩ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ቀጥሎ ጨው። ወደ ዳሎል የምትሄዱ ታውቁታላችሁ፤ አሳሌ ላይ ጨዉን ስስ ውሃ ሲሸፍነው መኪና ሲያልፍ የሚረጨው እንዳለ ጨው ነው። ጥልቀቱ ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ዊንቹ ግን ከንፁሕ ወንዝ ይልቅ እዚህ ይጎዳል። የኬብሉ ጫፍ በሳምንታት ውስጥ አረንጓዴ ያበቅላል። አይፒ የሚባለው ቁጥር ስለ ጨው ምንም አይልም። ከአፋር ስትመለሱ መቀሌ ወይም ሰመራ ላይ በንፁሕ ውሃ በእርጋታ አጥቡት።

አቧራና ጭቃም አለ። ኮትቻው ዊንቹ ላይ ሲደርቅ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ልክ እርጥብ ጨርቅ እንደተጠቀለለበት ብረት ነው። ለዚህ ዋናው መፍትሔ ውድ ዊንች ሳይሆን ማጽዳት ነው።

5. ስትገዙ ምን ትጠይቃላችሁ?

«ዋተርፕሩፍ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይደለም። ቁጥር ጠይቁ። ቁጥር ከሌለው ውሃ ይገባዋል ብላችሁ ግዙት ወይም ተዉት።

ቁጥር ካለው ደግሞ የቱ ክፍል ላይ ነው የሚለውን ጠይቁ። ሞተሩ ነው? ሳጥኑ ነው? ወይስ ሁሉም? ሞተሩ ታሽጎ የሪሌው ሳጥን ክፍት የሆነ ዊንች አይቻለሁ። የሪሞቱ ሶኬት ክዳን በደንብ ይገጥም እንደሆነ በእጃችሁ ሞክሩት። ዕቃውን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ከመክፈሉ በፊት የመለያ ሰሌዳውን ፎቶ እንዲልክላችሁ አድርጉ። መኪናችሁ 12 ቮልት ይሁን 24 ቮልት አረጋግጡለት፤ ከመጣ በኋላ መመለስ ከባድ ነው።

ጉልበቱንም እዚያው ጨርሱት። ሙሉ ጭነት የያዘውን መኪና ክብደት በ1.5 አባዙ። 3,300 ኪሎ የሚደርስ ላንድክሩዘር 4,950 ኪሎ ይፈልጋል፤ ወደ 10,900 ፓውንድ ነው። ስለዚህ 9,500 ፓውንዱ ያንሳል፤ 12,000ው ይሆናል። ያ ቁጥር ደግሞ ገመዱ የሚጠቀለልበት ከበሮ ላይ አንድ ድርብ ብቻ ሲቀር ያለው ጉልበት ነው። ገመዱ በተደራረበ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ጭቃ የያዘው መኪና ከክብደቱ በላይ እንደሚከብድም አትርሱ።

6. አሁን ወስኑ

ሥራችሁ ከተማና አስፋልት ሆኖ አልፎ አልፎ ጭቃ የምትነኩ ከሆነ፣ ወይም ሁልጊዜ ሁለት መኪና ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ የሰጠመ ዊንች ዋና ጭንቀታችሁ መሆን የለበትም። ሁለተኛው መኪና ከኋላ በመጎተቻ ገመድ ያወጣችኋል። ተራ፣ በደንብ የተሠራ ዊንች ይበቃል። ሳጥኑን ግን አስነሱና ኮፈኑ ስር አስገቡት። አንድ ጥሩ አውቶ ኤሌክትሪሺያን በግማሽ ቀን ይሠራዋል። በዚህ ብቻ የችግሩን ግማሽ ታስወግዳላችሁ።

ሂሳባችሁ ዊንቹ ይሰጥማል ካለ፣ ግን በዓመት አንዴ ሁለቴ ከሆነ፣ አይፒ67 በቂ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውን እንክብካቤ ግን አትዝለሉ።

ለብቻችሁ፣ በዝናብ ወራት፣ ድልድይ በሌለበት የምትሠሩ ከሆነ አታመንቱ። የመስክ ሥራ ያላችሁ፣ ማጎ ወይም ጋምቤላ የምትመላለሱ፣ ሕመምተኛ የምታመላልሱ፣ ለእናንተ ዊንቹ ጌጥ አይደለም። አይፒ68 ይሁን፤ ሞተሩም ሳጥኑም። ከኋላ ደግሞ ቲርፎር፣ ማለትም ገመድ የሚጎትት በእጅ የሚሠራ መሣሪያ፣ ጫኑ። ከባድ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ክንድ ይጨርሳል። ግን ኤሌክትሪክ የለውም፤ ስለዚህ ውሃ አይገድለውም። ወደ ኋላ መጎተትም ይችላል። የፊት ዊንች ይህን አይችልም። እኔ ቱርሚ ላይ ቲርፎር ቢኖረኝ ኖሮ ያን ሁሉ ሰው አላደክምም ነበር።

የሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ዊንችም ያስቡ የነበሩ ሰዎች ጠይቀውኛል። ውሃ አይፈራም፣ ቶሎ አይግልም። ግን የሚሠራው የመኪናው ሞተር እየሠራ ብቻ ነው። ወንዝ መሃል ሞተሩ ከጠፋ አለቀ። የኤሌክትሪኩ ቢያንስ ባትሪው እስኪያልቅ ይጎትታል። ባትሪው ግን ደህና መሆን አለበት፤ ዊንች በሙሉ ጉልበቱ ከ400 አምፔር በላይ ሊወስድ ይችላል። የመኪናው ሞተር ውሃ ስቦ ከጠፋ ደግሞ ቁልፍ አትምቱ። ውሃ አይጨመቅም፤ ፒስተኑን የያዘውን ክንድ ያጣምመዋል።

7. ውሃ ከነካው በኋላ

ዊንቹ የሚድነው ወይም የሚሞተው በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ነው።

ከወንዙ እንደወጣችሁ ገመዱን ሙሉ በሙሉ አትፍቱት፤ የብረት ገመድ ከሆነ አምስት ዙር፣ የሠራሽ ከሆነ አሥር ዙር ከበሮው ላይ ይቅር። ቀሪውን ፍቱና በቀላል ጭነት መልሳችሁ ጠቅልሉት። ሌላ መኪና ፍሬን ሳይዝ ቢጎተት ይበቃል። ይህ ሞተሩን ሞቅ ያደርገውና እርጥበቱን ያባርራል። ረጅም አታድርጉት፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አቁማችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ይረፍ።

ሞተሩ ከስሩ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ካለው በጭቃ አለመደፈኑን እዩ። ሁሉም ሞተር የለውም። ካለው ሲገጠም ወደ ታች እንዲያይ ነው።

ቤት ስትደርሱ የኬብሎቹን ዳዶ ፍቱ፣ አጽዱ፣ ለኤሌክትሪክ የሚሆን ግራሶ ቀቡና አጥብቁ። የሳጥኑን ክዳን ከፍታችሁ አንድ ከሰዓት አስቀምጡት። የብረት ገመዱን በደረቅ ጨርቅ እየጠረጋችሁ ጠቅልሉት።

የዊንች ሞተር መኪናውን እንደሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው፤ ካርቦን አለው፣ ስፕሪንግ አለው፣ ይፈታል ይጸዳል። አንዳንዱ ማግኔቱ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተለጠፈ ነው። ከጀርባው ከዛገ ማግኔቱ ይላቀቅና ሞተሩን ይቆልፈዋል። ስለዚህ ጥልቅ ውሃ ከነካው በክረምቱ መጨረሻ አንዴ አስፈትታችሁ አሳዩት። የማሸጊያ ጎማዎቹንም አብራችሁ ቀይሩ፤ ርካሽ ናቸው።

እኔ አሁን በየወሩ መጀመሪያ ጠዋት ግቢ ውስጥ መኪናውን አስነሳና ገመዱን አምስት ሜትር አውጥቼ እመልሰዋለሁ። ሬዲዮውን አጠፋለሁ፤ ሞተሩን ማዳመጥ ስላለብኝ። ጤነኛ ከሆነ ድምፁ ወጥ ነው። ከተንተባተበ፣ ወይም ከመዞሩ በፊት ለአፍታ ካመነታ፣ ካርቦኑ ተጣብቋል ማለት ነው። ያን ቀን ጉዞ የለም። ፓራውልቱ ይፈታል።